ከጎጃም ደጋ ሥር የተኛው ባህር

ከአዲስ አበባ ተነስተው በፍቼና በገብረ ጉራቻ አድርገው ወደ ጎጃም የሚጓዙ ከሆነ፣ ጎሃ ጽዮንን አልፈው የአባይን በረሃ መውረድ ሲጀምሩ የመኪናው ወሬ ቀስ በቀስ ይቆማል። ሾፌሩ ማርሽ ይቀንሳል፣ መስኮት ይከፈታል፣ ካፖርት ይወልቃል። ቁልቁለቱን የሚፈራ ይጸልያል፣ የለመደው ይተኛል። ድልድዩን ተሻግረው ዳገቱን ሲጨርሱ ደጀን ላይ ብርዱ መልሶ ይቀበልዎታል። ከዚያ በኋላ መንገዱ ሜዳ ነው። ሉማሜ፣ ደብረ ማርቆስ፣ ቀጥሎም የማቻክል ወረዳ ዋና ከተማ አማኑኤል።

አማኑኤል ላይ ቆሞ ባህር የሚያስብ ሰው የለም። ዙሪያው የጤፍና የስንዴ ማሳ ነው፣ ከበስተጀርባ ጮቄ ተራራ ይታያል፣ ከእግር በታች ያለው ደግሞ ክረምት ጫማ የሚነጥቅ ጭቃ ነው። አገራችን ወደብ ካጣች ወዲህ ባህር የሚለው ቃል ለአብዛኞቻችን የፖለቲካ ጨዋታ ሆኗል። ነገር ግን ያ ዳገትና ቁልቁለት እያንገላታ ያሳለፈዎት ገደል አንድ ነገር ሲነግርዎት ነበር። የጎጃም ደጋ የተቀመጠው በባህር ወለል ላይ ነው። ያንን ወለል ካነጠፉት ፍጥረታት መካከል ደግሞ ሳይንስ ማንነታቸውን ለማወቅ ከመቶ ዓመት በላይ የተከራከረባቸው ይገኙበታል። ስማቸው ስትሮማቶፖሮይድ ይባላል።

ገደሉ ሲነበብ

የአባይ ገደል ከአፋፉ እስከ ወንዙ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ጥልቀት አለው። ቁልቁለቱን ሲወርዱ ወደ ኋላ በዘመን እየተጓዙ ነው። መጀመሪያ የሚያገኙት ጥቁር ድንጋይ፣ ማለትም ባዛልት ነው። ይህ ከዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከመሬት ውስጥ እየፈላ ወጥቶ የሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያን ደጋ ያለበሰው የቀለጠ ዓለት ነው። አብዛኛው የፈሰሰው በአንድ ሚሊዮን ዓመት ገደማ ውስጥ እንደሆነ ይገመታል፣ በመሬት ታሪክ ይህ እንደ አንድ ክረምት ነው። ጮቄ ከዚያ በኋላ፣ ከ22 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የተነሳ እሳተ ገሞራ ነው። የማቻክል ገበሬ የሚያርሰው አፈር የዚህ ዓለት ልጅ ነው።

ከባዛልቱ ሥር ነጣ፣ ቢጫ ያለና ደረጃ በደረጃ የተቆለለ ድንጋይ ይመጣል። የኖራ ድንጋይ ነው፣ ውፍረቱም 400 ሜትር ያህል ይደርሳል። ባህር ውስጥ የተፈጠረው እሱ ነው። ከእሱ ዝቅ ሲሉ ጂፕሰምና ሸክላ መሰል ስስ ድንጋይ ተፈራርቀው ይታያሉ። ባህሩ ገና እየገባ እየወጣ፣ ውሃው እየደረቀ ጨው መሰል ነገር ትቶ የሚሄድበት ዘመን ምስክሮች ናቸው። ከሁሉም በታች፣ ወደ ድልድዩ ሲጠጉ፣ ቀላ ያለው የአሸዋ ድንጋይ አለ። እሱ ደግሞ ባህር ሳይመጣ በፊት ወንዞች ያመጡት አሸዋ ነው።

የእነዚህ ንብርብሮች ስም ራሱ ታሪክ አለው። የኖራ ድንጋዩ በሳይንስ ስሙ "የአንታሎ ኖራ ድንጋይ" ይባላል። አንታሎ ትግራይ ውስጥ ከመቀሌ በስተደቡብ ያለች ቦታ ናት። ስሙን ያወጣው እንግሊዛዊው ጂኦሎጂስት ዊልያም ብላንፎርድ ሲሆን፣ የመጣውም አፄ ቴዎድሮስን ሊወጋ ከዘመተው የናፒየር ጦር ጋር ነበር። ወታደሩ ወደ መቅደላ ሲገሰግስ እሱ ድንጋይ ይሰበስብ ነበር፣ ያየውንም እ.ኤ.አ. በ1870 በመጽሐፍ አሳተመ። ከመቶ አስር ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1981፣ ኢትዮጵያዊው ጂኦሎጂስት ጌታነህ አሰፋ በአባይ ገደል ያለውን የጂፕሰም ንብርብር ለብቻው ለይተው "የጎሃ ጽዮን ፎርሜሽን" ብለው ሰየሙት። ጎሃ ጽዮን ለእኛ ቁርስ የምንበላባት ከተማ ብትሆንም፣ በዓለም የጂኦሎጂ መዝገብ ስሟ በቋሚነት ሰፍሯል።

እንጀራ የመሰሉ ግንበኞች

ጊዜው ጁራሲክ የሚባለው ዘመን ነው፣ ከዛሬ 165 እስከ 150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ። አፍሪካ፣ አረቢያ፣ ሕንድና ማዳጋስካር ገና ሙሉ በሙሉ አልተለያዩም። ቀይ ባህር የሚባል ነገር የለም። ከምሥራቅና ከደቡብ ምሥራቅ የገባ ሞቃትና ጥልቀት የሌለው ባህር ኦጋዴንን፣ ሐረርጌን፣ ትግራይንና የዛሬውን የአባይ ሸለቆ ሸፍኖ ነበር። በዚያ ባህር ውስጥ ቀንድ አውጣዎች፣ ኦይስተሮች፣ የባህር ጃርቶችና ኮራሎች ይኖሩ ነበር። የኢጣሊያና የኢትዮጵያ ጂኦሎጂስቶች እ.ኤ.አ. በ1994 ስለ አባይ ሸለቆ ባሳተሙት ጥናት ከዘረዘሯቸው ነገሮች አንዱ፣ በኖራ ድንጋዩ ውስጥ ተበታትነው የሚገኙ በኮራሎችና በስትሮማቶፖሮይዶች የተገነቡ ትናንሽ ሪፎች፣ ማለትም የባህር ውስጥ ጉብታዎች ናቸው። በመቀሌ ዙሪያ ባለው የአንታሎ ድንጋይም እንዲሁ ይገኛሉ።

ስትሮማቶፖሮይድ ምን ይመስላል? ስሙን ያወጣው ጀርመናዊው ጎልድፉስ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1826። ከግሪክኛ የተወሰደ ሲሆን ንብርብርና ቀዳዳ የሚሉ ሁለት ቃላት ተጣምረውበታል። ለአበሻ አንባቢ ግን ግሪክኛ አያስፈልገውም። ሞሰብ ላይ የተደራረበ እንጀራ በቢላ ቢቆረጥና ከጎን ቢታይ ማለት ነው። ስስ ስስ ንጣፎች አንዱ በሌላው ላይ ተኝተዋል፣ በመካከላቸው ጥቃቅን ምሰሶዎች ቆመዋል፣ በየቦታው ዓይን አለ። ሁሉም ግን ከኖራ የተሠራ ነው። አንዳንዱ ክብ ጉብታ ይሆናል፣ አንዳንዱ እንደ ሰሃን ይዘረጋል፣ አንዳንዱ ደግሞ እንደ ጭራሮ ይቀናጠባል። መጠኑ ከጣት ጫፍ ይጀምርና አንዳንዴ ከአንድ ሜትር ያልፋል።

ሕይወት የነበረው ላይኛው ስስ ሽፋን ብቻ ነው። እንስሳው ከሥሩ ኖራ እያነጠፈ ወደ ላይ ይነሳል፣ የተወው ወለል ድንጋይ ሆኖ ይቀራል። ወላጆቻችን በሠሩት ቤት ላይ ፎቅ እየጨመርን እንደምንኖር ያለ ነው።

መቶ ሃምሳ ዓመት የፈጀ ጥያቄ

እነዚህ ነገሮች ምንድን ናቸው የሚለው ጥያቄ ግን ሊቃውንቱን አስቸገረ። ኮራል ናቸው ያለ ነበር። ስፖንጅ ናቸው ያለም ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በአበርዲን ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ሄንሪ ኒኮልሰን ስለ ብሪታንያ ስትሮማቶፖሮይዶች ትልቅ ጥናት አሳትሞ ከሃይድሮዞዋ ወገን መደባቸው። ሃይድሮዞዋ ማለት የጄሊፊሽ ዘመዶች ሲሆኑ፣ ብዙ ጥቃቅን እንስሳት አንድ ቤት ተጋርተው የሚኖሩባቸው ዝርያዎች አሏቸው። ይህ አስተያየት ለብዙ አሥርተ ዓመታት ጸንቶ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1976 ደግሞ ፖላንዳዊው ካዝሚየርቻክ እንስሳት እንኳን አይደሉም፣ ሳያኖባክቴሪያ የሚባሉ ተሕዋስያን የሠሩት ክምር ነው ብሎ ተከራከረ።

ችግሩ ግልጽ ነው። የቀረው ቤቱ እንጂ ባለቤቱ አይደለም። ሥጋው በስብሷል፣ የተረፈው የኖራ አጥንት ብቻ ነው። በባዶ ቤት ግድግዳ ብቻ ተመርቶ የነዋሪውን ማንነት ለማወቅ እንደመሞከር ነው።

መልሱ የመጣው ካልተጠበቀ ቦታ፣ ከጃማይካ ነው። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ቶማስ ጎሮ የተባለ የባህር ሳይንቲስትና የዬል ዩኒቨርሲቲው ዊላርድ ሃርትማን በጃማይካ ሪፎች ውስጥ ብርሃን የማይገባባቸውን ዋሻዎችና ስንጥቆች በጠላቂ መሣሪያ መመርመር ጀመሩ። እዚያ ጨለማ ውስጥ ጠንካራ የኖራ መሠረት ያላቸው ሕያው ስፖንጆች አገኙ። ከእነዚህ አንዱ፣ ሴራቶፖሬላ የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1911 ስም ሲወጣለት የኮራል ዘመድ ተደርጎ ነበር። የዝርያ ስሙም የተሰጠው ለዚያው ለኒኮልሰን መታሰቢያ ነው።

ሁለቱ ሰዎች በእነዚህ ስፖንጆች ላይ ያዩት ምልክት ጥያቄውን ፈታው። በስትሮማቶፖሮይድ ቅሪተ አካል ላይ ብዙ ጊዜ የኮከብ ቅርጽ ያላቸው ቦዮች ይታያሉ፣ ከአንድ መሐል ተነስተው ወደ ዳር እየቀጠኑ የሚዘረጉ። ከዚያ በፊት ትርጉማቸው አከራካሪ ነበር። በሕያዎቹ ስፖንጆች ላይ ግን ያው ኮከብ አለ፣ ሥራውም በዓይን ይታያል። ተጣርቶ ያለቀው ውሃ ተሰብስቦ የሚወጣበት ቦይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 ያሳተሙት ጽሑፍ አብዛኛውን የዘርፉን ሰው ወደ ስፖንጅ ወገን መለሰው። በ1980ዎቹ ደግሞ እንግሊዛዊቷ ሬቸል ውድ በጁራሲክና በክሬታሽየስ ዘመን ስትሮማቶፖሮይዶች ውስጥ ስፖንጅ ብቻ ያላቸውን የመርፌ ዓይነት ጥቃቅን አጥንቶች አሻራ አሳየች። የጎጃሞቹም ዘመን ይኸው ጁራሲክ ነው።

ውሃ ማጥለል እንደ መተዳደሪያ

ስፖንጅ አፍ የለውም፣ ሆድ የለውም፣ እግር የለውም። ታዲያ በምን ይኖራል? ሰውነቱ በሙሉ ወንፊት ነው። በውስጡ ያሉ ሕዋሳት እንደ ጅራፍ የሚወዛወዝ ጭራ አላቸው፣ እሱን ሲያወዛውዙ ውሃ በጥቃቅን ቀዳዳዎች ይገባል። ባክቴሪያውና ሌላው ምግብ እንደ ጠላ አተላ ተጠልሎ ይቀራል፣ ንጹሑ ውሃ በኮከቡ ቦይ ይወጣል። አንድ ስፖንጅ በቀን ከራሱ ይዘት በሺህ የሚቆጠር እጥፍ ውሃ ሊያጠልል ይችላል።

እዚህ ላይ ሌላ ጥያቄ ይነሳል። አንድ የስትሮማቶፖሮይድ ጉብታ ብዙ ኮከቦች ካሉት፣ አንድ እንስሳ ነው ወይስ ብዙ? ሃይድሮዞዋ ናቸው ይባል በነበረበት ጊዜ መልሱ ቀላል ነበር፣ እንደ ንብ ቀፎ ብዙ ናቸው። ስፖንጅ ከሆኑ ግን ነገሩ ይለያል። እያንዳንዱ ኮከብ የራሱን አካባቢ ውሃ የሚያስወጣ ማዕከል ነው፣ በኮከቦቹ መካከል ግን አጥር የለም። በዚህ ምክንያት አንዳንድ ሊቃውንት እንደ ማኅበር ያዩታል፣ ሌሎች ደግሞ ብዙ ጭስ መውጫ እንዳለው አንድ ቤት። "አንድ" የምንለው ነገር በተፈጥሮ ዘንድ እንደ መታወቂያ ወረቀት የተቆረጠ አለመሆኑን እነዚህ ድንጋዮች ያስታውሱናል።

ዕድገታቸውስ? ሕያው ዘመዳቸው ሴራቶፖሬላ በዓመት የሚያድገው አንድ ሚሊሜትር እንኳን አይሞላም፣ ከሚሊሜትር አንድ አምስተኛ ገደማ ነው። በዚህ ስሌት ሃያ ሴንቲሜትር ለመድረስ አንድ ሺህ ዓመት ይፈጅበታል። አክሱም ሲያበቃ የጀመረ ስፖንጅ ዛሬ የአንድ ስንዝር ያህል ቁመት ይኖረዋል።

ሁለት ጊዜ መጥተው ሁለት ጊዜ ሄዱ

የስትሮማቶፖሮይዶች የመጀመሪያ የክብር ዘመን ከጎጃም ባህር በጣም ይቀድማል። ከ400 ሚሊዮን ዓመት በፊትና ከዚያ ወዲህ በነበሩት የሲሉሪያንና የዴቮኒያን ዘመናት የዓለም ታላላቅ ሪፎች ዋና ግንበኞች እነሱ ነበሩ። ከ372 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ግን በባህር ሕይወት ላይ ከባድ እልቂት ደረሰ፣ ሪፎቹም ፈረሱ። ከአሥር ሚሊዮን ዓመት በላይ ቆይቶ የመጣው ሁለተኛ እልቂት የተረፉትን ጠራርጎ ወሰደ ለማለት ይቻላል። ከዚያ ረጅም ዝምታ ሆነ።

በጁራሲክ ዘመን ያው ቅርጽ እንደገና ብቅ አለ። የብዙዎቹ አጥኚዎች አስተያየት የኋለኞቹ የፊተኞቹ ቀጥተኛ ልጆች አይደሉም የሚል ነው። ስትሮማቶፖሮይድ መሆን የአንድ ቤተሰብ ስም ሳይሆን፣ የተለያዩ የስፖንጅ ወገኖች በየጊዜው የደረሱበት የግንባታ ሙያ ነው። አያት ሞቶ የጠፋ ሙያን የማይዛመድ ሰው ከሌላ አገር እንደገና እንደሚጀምረው ማለት ነው። እነዚህም በተራቸው እስከ ክሬታሽየስ ዘመን ዘልቀው ተመናመኑ። ዛሬ የቀሩት ጥቂት ዘመዶች ከኮራል ጋር መወዳደር አቅቷቸው በየዋሻውና በየጨለማው ተሸሽገው ይኖራሉ።

ታዲያ ለእኛ ምናችን ነው?

ደመወዝ ከወር ወር በማይደርስበት አገር ስለ ሞተ ስፖንጅ ማውራት ቅንጦት ይመስላል። ይሁን እንጂ ነገሩ ከኪሳችን ብዙ የራቀ አይደለም።

አንደኛው ነዳጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 የካናዳዋን አልበርታን ያበለጸገው የለዱክ ነዳጅ የተገኘው በዴቮኒያን ሪፍ ውስጥ ነው፣ ስትሮማቶፖሮይዶች በገነቡት። የዓለም ትልቁ የነዳጅ መስክ፣ የሳውዲ አረቢያው ጋዋር፣ ዋና ማጠራቀሚያው በጁራሲክ ዘመን መጨረሻ የተፈጠረ የኖራ ድንጋይ ሲሆን፣ በውስጡ የስትሮማቶፖሮይድ ንብርብሮች አሉ። የጎጃምና የጋዋር ድንጋዮች ዘመናቸው ተቀራራቢ ነው፣ ያኔም አረቢያና አፍሪካ አንድ መሬት ነበሩ። ይህ ማለት ግን አባይ ሥር ጋዋር አለ ማለት አይደለም። ነዳጅ እንዲኖር ምንጭ የሚሆን ድንጋይ፣ የሚያጠራቅም ድንጋይና ከላይ የሚከድን ድንጋይ በአንድ ላይ፣ በትክክለኛው ሙቀትና ጊዜ መገናኘት አለባቸው። በአባይ ተፋሰስ ውስጥ በወሎ ወረኢሉ ከመሬት የሚመነጭ የነዳጅ ቅባት መታየቱ ግን ጥያቄው ከንቱ እንዳልሆነ ያሳያል።

ሁለተኛው መንገዱ ነው። በገደሉ ያለው ጂፕሰምና ሸክላ መሰል ድንጋይ ውሃ ሲጠጣ ይላላል፣ ከላይ የተከመረው ናዳም ይንሸራተታል። በክረምት አስፋልቱ ለምን እንደሚሰነጠቅና እንደሚሰምጥ ከተበሳጩ ወቀሳው ለኮንትራክተሩ ብቻ አይደለም፣ የጥንቱ ባህር እጅ አለበት። በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ የህዳሴ ድልድይ ከተመረቀ በኋላ፣ ከ2010 እስከ 2012 እ.ኤ.አ. የጃፓኑ ጃይካና የኢትዮጵያ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ በጋራ የመሬት መንሸራተቱን ያጠኑት ለዚህ ነው።

ሦስተኛው ቤታችን ነው። ሲሚንቶ የሚሠራው ከኖራ ድንጋይ ነው። የሙገር፣ የደርባ፣ የዳንጎቴና በመስከረም 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የለሚ ፋብሪካ የተተከሉት በአባይ ገባሮች፣ በሙገርና በጀማ ሸለቆዎች አካባቢ ነው፣ የሚፈጩትም ይህንኑ የጥንት ባህር ድንጋይ ነው። አዲስ አበባ ላይ የሚቆመው ፎቅ ከመቶ ሃምሳ ሚሊዮን ዓመት በፊት በሞቱ ቀንድ አውጣዎች፣ ኮራሎችና ስፖንጆች ቅሪት የተገነባ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አራተኛው የአየር ንብረት ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ አንድ ጥናት በፖርቶ ሪኮ አቅራቢያ ከባህር የወጡ የሴራቶፖሬላ ስፖንጆችን ንብርብር እንደ ቴርሞሜትር በማንበብ የ300 ዓመት የባህር ሙቀት ታሪክ አቀረበ። መደምደሚያው የዓለም ሙቀት መጨመር ቀድሞ ከተገመተው በላይ መሆኑን የሚያመለክት ነበር። ከአንድ አካባቢ በተገኙ ስፖንጆች ስለ መላው ዓለም መናገር አይቻልም ብለው የተቃወሙ ሳይንቲስቶች አሉ፣ ክርክሩም አልተዘጋም። ያም ሆነ ይህ፣ ድንጋይ የሚያነጥፍ ፍጥረት ማስታወሻ ደብተርም እንደሚይዝ ታውቋል።

የሚፈጨው መዝገብ

እዚህ ላይ የሚያሳስበው ነገር አለ። ስለ ሉሲ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም፣ በአግባቡም እንኮራለን። የሉሲ ዕድሜ ግን 3.2 ሚሊዮን ዓመት ነው። የአባይ ባህር ሃምሳ ጊዜ እጥፍ ያህል ይበልጣታል፣ ሆኖም ስሙን የሚያነሳው ከጂኦሎጂ ተማሪዎች በቀር ጥቂት ሰው ነው። ድንጋዩ ደግሞ በየቀኑ በድማሚት እየተናደ ወደ እቶን ይገባል።

ሲሚንቶ ይቁም የሚል የለም፣ ቤት ያስፈልገናል። የድንጋይ ካባና ሳይንስ ግን ጠላት መሆን የለባቸውም። ጀርመን ውስጥ ዞልንሆፈን በሚባል ቦታ ያለው የኖራ ድንጋይ እንደ እኛው የጁራሲክ ባህር ልጅ ነው። ለሕትመት ሥራ የሚሆን ድንጋይ ሲፈለጥበት፣ በተለምዶ የመጀመሪያው ወፍ የሚባለው የአርኪዮፕተሪክስ ቅሪተ አካል እ.ኤ.አ. በ1861 ከዚያ ወጣ። ያ ግኝት ለዓለም የደረሰው ድንጋዩ ላይ ያለውን ቅርጽ አይቶ ከመጣል ያስቀመጠ ሰው ስለነበረ ነው። በካባ ውስጥ የሚሠራ አንድ ሰው የተለየ ድንጋይ ሲያይ ለይቶ እንዲያስቀምጥ፣ በወር አንድ ጊዜም ከዩኒቨርሲቲ የመጣ ባለሙያ እንዲያየው ማድረግ ፋብሪካን አያከስርም። ደብረ ማርቆስ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ አላት፣ ገደሉ ደግሞ የሁለት ሰዓት መንገድ እንኳን አይርቅም። በየትኛውም አገር የማይገኝ ክፍት የመማሪያ ክፍል ነው።

ለተጓዡ ደግሞ አንድ ማሳሰቢያ አለ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስን ያለ ፈቃድ መቆፈርንና ከአገር ማስወጣትን ይከለክላል። ስለዚህ ይዩ፣ ፎቶ ያንሱ፣ ለልጆችዎ ያሳዩ፣ ድንጋዩን ግን በቦታው ይተዉት። ከቦታው የተነሳ ቅሪተ አካል ከመዝገብ የተቀደደ ገጽ ነው፣ ከየትኛው ንብርብር እንደመጣ ካልታወቀ የሚናገረው ነገር ያንሳል።

በሚቀጥለው ጊዜ ለበዓል ወደ አማኑኤል ወይም ወደ ሌላው የጎጃም ከተማ ሲወርዱ፣ ቁልቁለቱ አጋማሽ ላይ ነጣ ያለው ድንጋይ ሲጀምር እንቅልፍዎን ያቁሙ። ያ ንብርብር በገደሉ አፋፍ አያበቃም፣ ከባዛልቱ ሥር ሾልኮ ወደ ደጋው ይገባል። ዘመድ ቤት ደርሰው ትኩስ እንጀራ ሲቀርብልዎ ዓይኑን ልብ ብለው ይዩት። ከጤፉ ማሳ ሥር፣ ከጥቁሩ አፈርና ከጥቁሩ ድንጋይም በታች፣ እንዲሁ ንብርብርና ቀዳዳ የሆነ ሌላ ገበታ ከመቶ ሃምሳ ሚሊዮን ዓመት በፊት ተዘርግቶ ነበር።